ስባሪና የጠመኔ ሰረዞቹ

ባሌ መስታወት ገጣሚ ነው። ሰፈሩ ስባሪ ይለዋል። እኔም ስቆጣ ስባሪ እለዋለሁ፤ ሳልቆጣ ብዙም አልጠራውም፣ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ብቻ ስለሆንን ማንን እንደማናግር ግልጽ ነው። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። ጠቋሚ ብለውታል፣ ጀግና ብለውታል፤ ሁለቱም የተባለው በአንድ ሰሞን ነው። ያሉት ሰዎች አንድ መስኮት ሲገጥም ቆመው ያዩት አይመስለኝም። እኔ ስላየሁት ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ጣቶቹ። ከግራ እጁ የሁለቱ ጣቶች ጫፍ የለም። አባቱ ሲሞት አጎቱ ዘንድ ሥራ ገባ፤ አጎቱ መስታወት ቆራጭ ነበር፣ ማስረዳት ግን ያልፈጠረበት ሰው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ መስታወት ከእጃቸው አመለጠና ባሌ ሊይዘው ዘለለ። የሚወድቅ መስታወት እንደማይያዝ አጎቱ የነገረው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ተቀምጠው ነው። በኋላ እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ እናቴ ያየችው ጣቶቹን ብቻ ነበር። እሱ የሜዳ ሰው፣ እኛ የተራራ ሰዎች መሆናችንን አላነሳችም። «ጣቱ ያልተሟላ ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ያቅፋታል?» አለች። «እማዬ፣ የሚያቅፋት በክንዱ ነው» ብሎ ያስማማት ታላቅ ወንድሜ ነው።

በከተማችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ ይባላል፦ አያቶቹ ከተራራው የወረዱና አያቶቹ ከሜዳው የመጡ። ልዩነቱን ለማወቅ አያቶቹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አያቶቹ ደግሞ ሞተዋል። የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው፣ የምንሳደበውም በሱ ነው። ሰፈራችን የሜዳ ሰው ይበዛበታል፤ ይህንንም ያወቅነው ለምርጫ ስንመዘገብ «ዘርህ ከየት ነው?» የሚል ጥያቄ ስለተጨመረ ነው። እስከዚያ ድረስ ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በውሻቸውና በዕዳቸው ነበር።

የጠመኔው ነገር እንዲህ ነው። የሰፈራችንን ቤቶች አንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ ስለሠራቸው ሁሉም አንድ ዓይነት የቆርቆሮ በር አላቸው፣ ሁሉም አረንጓዴ። የማን የማን እንደሆነ የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሞቅ ሲለው ይሳሳታል። ባሌ ደግሞ ለክቶ በወጣበት ቤት ተመልሶ ማንኳኳት ያሳፍረዋል። ስለዚህ ለክቶ ሲወጣ በሩ ላይ በጠመኔ አንድ ሰረዝ ያሰምራል። ገጥሞ ሲጨርስ በላዩ ሌላ ሰረዝ አሳልፎ መስቀለኛ ያደርገዋል። አንድ ሰረዝ ተለክቷል ነው፤ መስቀለኛ ከሆነ አልቋል። ይህን ልማድ ከአጎቱ ነው የወረሰው፣ ሌላ ምንም አላወረሰውም።

ነገሩ ከምርጫው ጀመረ ይላሉ። እኔ ግን ከሕንፃዎቹ ይመስለኛል። ከከተማው ዳር ለሕዝብ የሚታደሉ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ይሠሩ ነበር፤ የከተማውን ምክር ቤት ያሸነፈ ፓርቲ ያድላቸዋል ተባለ። የተራራው ፓርቲ ለወገኖቹ «ቁልፉን ለሜዳዎቹ ሰጥተው ጨርሰዋል» አላቸው። የሜዳው ፓርቲም ለወገኖቹ ይህንኑ አለ፣ ስሙን ብቻ ለውጦ። ሕንፃዎቹ ያኔ ቁልፍ ቀርቶ በር አልነበራቸውም። ሁለቱ ፓርቲዎች ቢሮ የከፈቱት ዋናው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲሆን፣ የሁለቱንም መስኮት የገጠመው ባሌ ነው። ሁለቱም ያዘዙት ጥቁር መስታወት ነበር፣ ከውስጥ የሚያሳይ ከውጭ የማያሳይ።

«በምንም አይለያዩም?» አልኩት።

«አንደኛው ወፈር ይበል ብሏል» አለኝ።

ከዚያ የጥፊው ወሬ መጣ። ገበያ ውስጥ አንድ የተራራ ሰው አንዲት የሜዳ ልጅ በጥፊ መታ ተባለ። እኩለ ቀን ላይ በጩቤ ወጋት ሆነ። ወደ ማታ ሬዲዮው ስሟን ሳይጠራ «የወገናችን ደም» ማለት ጀመረ። ልጅቷ በዚያን ሰዓት እዚያው ገበያ ሽንኩርቷን እየሸጠች ነበር፤ መሞቷን ከሁሉ ሰው በኋላ የሰማችው እሷ ናት። በጥፊ የመታትም የገዛ ወንድሟ ነው አሉ። ከወንዙ ባሻገር፣ የተራራ ሰው በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ወሬ፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ደም ነበር።

በማግስቱ ድንጋይ ዘነበ። የወረወሩት የሰፈራችን ጎረምሶች ናቸው፤ ቤቱን ለይተው ያውቁታልና የሰበሩት የተራራ ሰዎችን መስኮት ብቻ ነው። አንዱ ወርውሮ ሲያበቃ ከበራፌ ላይ ሲያየኝ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» ብሎ አለፈ። የኛን መስኮት አልነኩም። ቤቱ የባሌ ስለሆነ እኔም ከነዕቃው ለሜዳ ተቆጥሬ መሆን አለበት። ሬዲዮው ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል አለ። በማን ቁጥጥር ሥር እንደዋለ አልተናገረም።

ባሌ ሜትሩንና ጠመኔውን ይዞ ወጣ። «ስባሪ፣ ድንጋዩን ያደልካቸው አንተ ነህ አሉ» እያሉ ቀለዱበት፤ እሱ ግን ሲለካ አይስቅም። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መስኮቶቹም አንድ ልክ ናቸው ቢባልም እያንዳንዱን ይለካል። ቤት ይሰምጣል፣ ፍሬም ይጣመማል ይላል። ከቤት ቤት እየዞረ ለካ፣ ሲወጣ ሰረዙን አሰመረ፣ ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን ሲጨርስ በሰፈራችን ያሉት የተራራ ሰዎች በሮች ሁሉ ላይ፣ በእነሱም በሮች ላይ ብቻ፣ አንድ አንድ ነጭ ሰረዝ ነበር። ለሱ የተሰበሩ መስኮቶች ናቸው። ለእኔም፣ አብረውት ቆመው የሜትሩን ጫፍ ለያዙለት ባለቤቶችም እንደዚያው ነበሩ። ሌላ ነገር ማንም አልታየውም።

መስታወቱ ግን አልመጣም። ጭነቱ የተዘጋ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ባሌ እጅ ላይ የቀረው ለአንድ መስኮት የሚበቃ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀድሞ ለመጣው ለሒሳብ አስተማሪው ቆርጦ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። አስተማሪው ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ከወንድሜ ቤት ጎን ነው፤ ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ስለሆነ የመስኮታቸው ጥመት እንኳ አንድ ነው። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ትንሿ ልጁ ገና አንገቷን ያልቻለች ሕፃን ነበረች፣ በተሰበረው መስኮት በገባው ብርድ ሳል ጀመራት። ወንድሜ መጥቶ መስታወቱን አየ።

«ይሄ የመምህሩ ነው» አለው ባሌ።

«ልጄ አላስተኛ አለችን» አለ ወንድሜ፣ መስታወቱንም አንስቶ ታቀፈው። መስታወት ካቀፈ ሰው ጋር አይታገሉም። ባሌ የመስታወት ማጣበቂያውን ስቱኮ ይዞ ተከተለው፣ ገጠመለት፣ በሩ ላይ ያለውን ሰረዝ መስቀለኛ አደረገው። አስተማሪውን በነጋታው ይቅርታ ሊጠይቅ አሰበ።

በነጋታው ጠዋት በጭነት መኪና መጡ። እነዚህ የሰፈራችን ልጆች አይደሉም፤ ከየት እንደተጫኑ እስከዛሬ አናውቅም። ማን የተራራ ማን የሜዳ እንደሆነም አያውቁም፣ ግን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በሮቹ ላይ ተሰምሮ ጠበቃቸው። የሰፈሩ ሱቅ ዘበኛ ከባዶ ሣጥኖች ኋላ ተደብቆ የሚሉትን ሰምቷል። ሰረዙን ሲያዩ «ይሄ ነው» እያሉ ገቡ። ወንድሜ በር ላይ ሲደርሱ አንዱ «መስቀለኛ ነው፣ ይሄ አልቋል፣ እለፍ» አለ። አለፉ። ወደሚቀጥለው በር ሄዱ። አስተማሪውን በራፉ ላይ ገደሉት፣ ቤቱንም አቃጠሉት። ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ከላይ እስከ ታች አስራ አራት ቤት ነደደ፤ የሞቱትን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ እዚህ ብጠራቸው ግን መቀጠል ያቅተኛል።

መኪናዎቹ ሲሄዱ ወጣን። ባሌ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አየው። የነደዱትን አየ፣ ያልነደዱትን አየ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።

«የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሰረዙ።»

የሚለው የገባኝ ቆይቶ ነው። ሲገባኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን የሜዳው ፓርቲ ሰውዬ ቤታችን መጣ። ጫማውን በረንዳው ላይ አራግፎ «ሳንጠይቅህ ሥራህን ሠራህ፣ እንደ አንተ ያለ ጀግና ነው የሚያስፈልገን» አለው። በሰፈሩ የጸጥታ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አለህ አለው። ባሌ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ ሰማውና በሩን ዘጋበት። ባሌ በሰው ላይ በር ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውዬው ከውጭ ሆኖ «ያስብበት ንገሪው» አለኝ፣ በመስኮት።

የተረፉት የተራራ ሰዎች ደግሞ ጠቋሚ አሉት። እነሱን አልፈርድባቸውም። ቤቱ በነደደ ሰው በር ላይ የነበረው የማን ጠመኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ ቃሉ መጀመሪያ የወጣው ከወንድሜ አፍ ነው፤ «በሮቻችንን ያሰመረባቸው እሱ ነው፣ ቆጥሮ አስረከበን» ብሎ ለቅሶ ላይ ተናገረ። ይህን ስሰማ ቀልቤ ተገፈፈ። ያሳደገኝ፣ የሰርግ ልብሴን የሰፋልኝ፣ ለባሌ ክንድ ጠበቃ የቆመልኝ ወንድሜ ነው።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ቅዳሜ ስብሰባ ጠራ። ባሌ ጠቋሚ ነው ከተባለ ለፖሊስ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ለፖሊስ ነው። ከአዳራሹ እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ግን ወንድሞቻቸውን የቀበሩ የተራራ ጎረምሶች ቆመው እንደሚጠብቁ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጣቢያው ይደርሳል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አላገኘሁም።

ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። የስፌት መኪናውን ሳያቆም ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰረዙ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ሲያሰምረው አጠገቡ ነበርክ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተናገራ።»

መኪናውን አቆመ። «ምን ብዬ? የልኬት ነው ብል፣ ያንተ ለምን መስቀለኛ ሆነ ይሉኛል። ቀድሞ ስለተገጠመልኝ እላለሁ። ለምን ቀድሞ ይሉኛል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ እውነቱን ነዋ።»

«እሷ ፊት?» አለ። የአስተማሪውን ሚስት ማለቱ ነው። «ባልሽን የገደለው የኔ ልጅ ሳል ነው ልበላት?»

«ስባሪን ጠቋሚ ማለቱስ?»

«እሱ ቀለለኝ» አለ። «ያንተ ቤት እንዴት ተረፈ እያሉ ሲያፈጡብኝ የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። የመጣልኝ እሱ ነው። ሂጂልኝ በቃ።»

ደሜ ፈላ። ላንቀውም ፈለግሁ፣ ላቅፈውም ፈለግሁ፤ ሁለቱንም ሳላደርግ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለባሌ «ያ ወንድሜ ካልተናገረ አንተ ተናገር» አልኩት።

«አልናገርም» አለ። «እዚያ መሀል የሚኖረው ልጆቹን ይዞ ነው። ዛሬ እኔን ያሉትን ነገ እሱን ይሉታል።»

«አንተን ከገደሉህስ?»

«ያቺን ልጅ ሳሉ ተዋት?» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አግብቶ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ቀን አልቅሼ አልወጣልኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹ መኪናዎቹ የመጡ ቀን እንደተሰበሩ ናቸው፣ ነፋሱ ወረቀቱን እያነሳበት ሊቀመንበሩ በስልኩ ጫነው። ከመስኮቶቹ ውጭ ጎረምሶቹ ቆመዋል። አንዳንዶቹ እጃቸውን ከኋላቸው አድርገዋል፤ ምን እንደያዙ ለማወቅ ማየት አያስፈልግም። የአስተማሪው ሚስት ከፊት ተቀምጣለች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ወንድሜ ከሷ ሁለት ረድፍ ኋላ። አጀንዳው «የጠመኔውን ጉዳይ ይመለከታል» ተብሎ ተነበበ።

«ሰረዙን ያሰመርከው አንተ ነህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለክቼ።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ።

«ከነዚህ ሁሉ በሮች የአማችህ ብቻ ለምን መስቀለኛ ሆነ?»

«ስለገጠምኩለት።»

«ከሁሉ በፊት? ወረፋው የሱ ነበር?»

ባሌ ወለሉን አየ። ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ደገመ፤ ባሌ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ውጭ ያሉት ወደ መስኮቶቹ ተጠጉ። እኔ ተነስቼ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሚስት ስለ ባሏ የምትለውን ማን ይሰማል ብዬም እያሰብኩ ነበር። ያኔ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ወረፋው የኔ አልነበረም» አለ ወንድሜ። ቆሟል። ሊቀመንበሩን አይደለም የሚያየው፣ ከፊቱ ያለውን የወንበር ጀርባ ነው። «መስታወቱ የተቆረጠው ለመምህሩ ነው። የመምህሩ ነው ብሎኛል፤ እኔ ነኝ ታቅፌ የወሰድኩት። ልጄ ስላሳላት። ሰረዙ የልኬት ነው። ሲገጠም መስቀለኛ ይሆናል። በወረፋው ቢሆን መስቀለኛው መምህሩ በር ላይ ነበር የሚሆነው፣ ሰረዙ እኔ በር ላይ። ይሄ ሰውዬ ማንንም አልጠቆመም። ጠቆመ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው። እንግዲህ የምትፈልጉት ሰው ካለ...»

አልጨረሰውም፤ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሁሉም ሰው የአስተማሪውን ሚስት ነበር የሚጠብቀው። እሷ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«አይተንሃል» አለችው። «መስኮታችን መስታወት አልነበረውም፣ ስትሸከመው አይተንሃል። ወጥተህ አስመልሰው አልኩት ባሌን። ‹ተዪው፣ እነሱ ሕፃን አላቸው፣ እኛ ካርቶን እንለጥፋለን› አለኝ። ካርቶኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አልነጠቅከንም። ሰጥተንህ ነው።»

ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ተመለሰች። «አሁን ጠመኔው አለቀ» አለችው። «መኪናዎቹን ማን ላካቸው?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ። «እሱ በዛሬው አጀንዳ አልተያዘም።»

«መቼ ይያዛል?»

«ከበላይ አካል ጋር ተነጋግረን የምናሳውቅ ይሆናል።»

እሷ አልተቀመጠችም። ሊቀመንበሩ ስልኩን ከወረቀቱ ላይ አነሳና የጠመኔው ጉዳይ መዘጋቱን፣ ባሌም ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችል ተናገረ። ውጭ የቆሙት በተሰበሩት መስኮቶች ሁሉንም ሰምተው ነበር። አንዱ በእጁ የያዘውን ድንጋይ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ሌሎቹ ይዘው ሄዱ፤ ወዴት እንደወሰዱት አላውቅም። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ወንበሮቹ የኪራይ መሆናቸውንና ባለቤቱ ሊረከባቸው በር ላይ እንደቆመ አስታወቀ።

ሰው ተነሳ። ወንበር መደራረብ ተጀመረ። ባሌ ክንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወደ በሩ ሲወስደኝ ዞሬ አየሁ። ወንድሜ ብቻ ፊቱን እንደሸፈነ ተቀምጧል፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ። የአስተማሪው ሚስት ወደሱ ሄደች። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ተነስ» አለችው። «ወንበሩን ይፈልጉታል።»